«አባዬ፣ ገቢህ ስንት ነው?»፦ የልጄን የኮሌጅ ገንዘብ ፎርም ስንሞላ የደረሰብን

«አባዬ፣ በዓመት ስንት ነው የምታገኘው?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ኖቬምበር 2024 ነበር፤ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ።

ያደግኩት ደሴ ነው። አባቴ ስንት ብር ደመወዝ እንደነበረው ያወቅሁት ከሞተ በኋላ፣ የጡረታ ወረቀቱን ለእናቴ ስናስጨርስ ነው። በእኛ ቤት ልጅ የአባቱን ደመወዝ አይጠይቅም። ቢጠይቅም መልሱ «ምን ጎደለብህ?» ነው። እኔም ልክ እንደ እሱ ደንገጥ አልኩ። ቶሎ ለመገላገል «68 ሺህ ምናምን» አልኳትና ሻወር ገባሁ።

ያቺ «ምናምን» ብዙ ጣጣ አመጣች። ሌላው ሰው እንዳይደገምበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስ ረዳት ናት። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ ያኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበር። የእሱን ፎርም ታክስ የሚሠራልን ሰው 100 ዶላር ተቀብሎ ሞላልን፤ እኛም አመስግነን ወጣን። ምን ብሎ እንደሞላው ዛሬም አላውቅም። ፋፍሳ የሚባለው ይህ የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ፎርም ነጻ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። መንግሥት ለመሙላት አምስት ሳንቲም አያስከፍልም።

ልጄ ግን ራሷ ልትሞላ ፈለገች። ያመለከተችባቸው ኮሌጆች ደግሞ ሁለት ዓይነት ፎርም ይጠይቃሉ። አንደኛው ፋፍሳ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታም፣ የፌዴራል ብድርም፣ የካምፓስ ሥራም በእሱ በኩል ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል። ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ድርጅት ያዘጋጀዋል፤ በብዛት የግል ኮሌጆች የራሳቸውን ገንዘብ ለማከፋፈል ይጠይቁታል። ፋፍሳ በሩን አንኳክቶ ሳሎን ይቀመጣል። ሲኤስኤስ ጓዳ ድረስ ይገባል። የምትኖሩበት ቤት ስንት ያወጣል፣ ስንት ዕዳ አለበት፣ አባትና እናት ቢለያዩ ከልጁ ጋር የማይኖረውስ ስንት ያገኛል፣ ሁሉንም ይጠይቃል።

ልጄ ሲኤስኤስን ቀድማ ጀመረች። የእኔን 68 ሺህ ከእናቷ 41 ሺህ ጋር ደምራ 109 ሺህ ብላ ጻፈች። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር ከፍላ ላከች። ለሌሎቹ አራት ኮሌጆች 16፣ 16 ዶላር ሲላት ነው ለእናቷ የነገረቻት።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጓደኛዋን አገኘች። እነሱም ባል ሹፌር፣ ሚስት ነርስ ረዳት፣ ልጃቸውም ዘንድሮ አመልካች ናት። «እኛ ምንም አልከፈልንም» አለቻት። ባለቤቴ ተናዳ ገባች። «አንተ፣ እኛ ከእነሱ ሀብታም ነን እንዴ?»

ነገሩን ስናየው፣ ሲኤስኤስ የቤተሰቡ ገቢ እስከ 100 ሺህ ዶላር ከሆነ ክፍያውን ይተዋል። እኛ 109 ሺህ ነን ብለናል። ያ 16 ዶላር ባይጠየቅ ኖሮ ስህተቱን ማንም አያየውም ነበር። ለአምስት ኮሌጅ «ደህና ያላቸው ሰዎች» ሆነን እንሄድ ነበር።

የዚያን ምሽት የ2023ን የታክስ ወረቀት ሙሉውን አወጣን። ብዙዎቻችን ሹፌሮች የምንስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ልዘርዝረው።

68 ሺሁ ከመተግበሪያዎቹ የመጣልኝ 1099ኬ የሚባለው ወረቀት ላይ ያለው ነው። ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ በትክክል 68,400። ከዚህ ውስጥ ካምፓኒዎቹ የወሰዱት 17,300 አለ። እሱ ገንዘብ ኪሴ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ማይሉ አለ። በ2023 የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ለአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ይፈቅድ ነበር። የነዳሁት 34,000 ማይል ነው፤ 22,270 ዶላር ይሆናል። ስልክ፣ የመንገድ ክፍያ፣ እጥበት ሲጨመር ሌላ 1,900። የተረፈው 26,930 ነው። ይህ ቁጥር ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ትርፍና ኪሳራ ማሳያ ቅጽ ላይ፣ መስመር 31 ላይ ተጽፏል። የእኔ ገቢ እሱ ነው።

ልጄ ወረቀቱን አየችና ዝም አለች። ቆይታ «ይሄን ሁሉ ሰዓት ነድተህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አባቴ ለምን እንደማይነግረን ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ።

የባለቤቴ ደብልዩ ቱ፣ አሠሪዋ የሚሰጣት የዓመት ደመወዝ ወረቀት፣ 41,200 ነው። ሁለቱ ተደምረው፣ የግል ሠራተኛ ከሚከፍለው ታክስ ግማሹ ተቀንሶ፣ 1040 በሚባለው የታክስ ፎርም ላይ መስመር 11 የሚያሳየው 66 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ኤጂአይ የሚሉት እሱን ነው። አንድ ሰው «የወላጅ ገቢ ስንት ነው?» ብሎ ፎርም ላይ ከጠየቃችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት መስመር እሱ ነው። ከአፋችሁ የሚወጣውን ቁጥር አትመኑት። እኔ «68 ሺህ» ስል መዋሸቴ አልነበረም፤ በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቁጥር ያ ነበር። ስንፎክርም ስናማርርም የምንጠራው ጠቅላላውን ነው።

ለመጀመሪያው ኮሌጅ ኢሜይል ጽፈን ስኬጁል ሲውን አያይዘን አስተካከልን። ለቀሩት አራቱ በትክክለኛው ቁጥር ሲላክ ክፍያ አልተጠየቀም።

ወደ ፋፍሳ ስንመጣ ገቢውን በእጅ መጻፍ የለም ማለት ይቻላል። ከ2024–25 ጀምሮ ፎርሙ ተቀይሯል። ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ «አይአርኤስ መረጃዬን ይስጥ» ብሎ ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ በቀጥታ ይገባል። የገባውን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አታዩትም፤ አትደንግጡ። ወላጅ አልፈቅድም ካለ ግን ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ታክስ ያላስገባ ወላጅም ቢሆን መፍቀድ አለበት። የሚታየው ታክስ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው። ለ2025–26 ትምህርት የ2023 ታክስ ነው የሚወሰደው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ጋ አካውንቱ ራሱ ችግር ሆነ። ለትልቁ ልጅ የሞላልን ሰው በእኔ ስም አካውንት ሲከፍት የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ነው የሰጠው። ኮድ በተላከ ቁጥር የሚሄደው እሱ ጋ ነው። ሰውየው ቢሮውን ዘግቶ ሌላ ስቴት ሄዷል። የስልክ መስመሩ ላይ ተሰልፌ፣ መታወቂያዬን ልኬ፣ አካውንቴን ለማስመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እባካችሁ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ያ አካውንት ፊርማችሁ ነው። ለልጅም አይሰጥም፤ ልጁ የራሱ አለው።

የስም ነገርም አለ። የልጄ የመጨረሻ ስም የእኔ ስም ነው፣ የእኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ፣ የባለቤቴ ደግሞ የአባቷ። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ሰርኔም። ይህ ምንም ችግር አያመጣም፤ ማንም አይጠይቅም። ችግር የሚያመጣው ስማችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ሲለይ፣ ወይም የልደት ቀናችሁ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ የተመዘገበ ከሆነ ነው። ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ፤ ቢያስቅም። ባልና ሚስት ታክስ በአንድ ላይ ካስገቡ ደግሞ አንዳቸው ብቻ ከገቡ ይበቃል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት።

ከገቢው ይልቅ ያደከመን የንብረቱ ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ጭራሽ አይመጣለትም። ኤጂአያቸው ከ60 ሺህ በታች ሆኖ ታክሳቸው ቀላል ከሆነ ይታለፋል። ነገር ግን የስኬጁል ሲ ትርፍ ከ10 ሺህ ካለፈ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ አብዛኛው ሹፌር በዚህ በር አይገባም። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ የመሳሰለ እርዳታ ያገኘ ቤተሰብም ይታለፋል። እኛ ከሁለቱም የለንበትም። ኢንሹራንሳችንም በባለቤቴ ሥራ በኩል ነው። ስለዚህ ተጠየቅን።

የሚጠየቀው ዛሬ ያላችሁ ነው። ፎርሙን በምትፈርሙበት ቀን። ባንክ ያለው፣ እጅ ላይ ያለው፣ ከምትኖሩበት ቤት ሌላ ያለ ቤትና መሬት። የምትኖሩበት ቤት፣ የጡረታ ቁጠባ፣ መኪና አይቆጠሩም።

እኔ ዕቁብ አለብኝ። ሃያ ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር። ሴፕቴምበር ጀመርን፤ አራተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ቅዳሜ 20 ሺህ ዶላር ተቀበልኩና ባንክ አስገባሁ። እሁድ ማታ ልጄ «አባዬ፣ ጨርሰን እንላከው» አለች። ላክን። ረቡዕ ዕለት በዚያው ገንዘብ መኪና ገዛሁ።

አያችሁት? መኪናው አይቆጠርም። ገንዘቡ ግን እሁድ ማታ ባንክ ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ብቆይ ኖሮ ያ 20 ሺህ ፎርሙ ላይ አይታይም ነበር፤ ያውም ያለ አንዳች ማጭበርበር። ረቡዕ ማታ «እናስተካክለው» ብንል አይቻልም። የንብረቱ መልስ በተፈረመበት ቀን እንደነበረ ይቀራል። ከዕቁቡ ደግሞ ገና 16 ወር መክፈል አለብኝ፤ ገንዘቡ አብዛኛው ብድር ነው። ፎርሙ ግን ዕቁብ አያውቅም። ባንክ ያለ ገንዘብ፣ ባንክ ያለ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ነው። ከመምጣቴ በፊት የደረሰኝ የ20/80 ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ይኖርበታል። አንድ የሥራ ጓደኛዬ «ተወው፣ ማን አዲስ አበባ ሄዶ ያያል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ሌሊት አሰብኩበት። ፎርሙ መጨረሻ ላይ ሆን ብሎ የዋሸ እስከ 20 ሺህ ዶላር ይቀጣል፣ ሊታሰርም ይችላል የሚል አለ። ከዚያ በላይ የከበደኝ ግን ፎርሙን የምትሞላው ልጄ መሆኗ ነው። «ይሄንን አትጻፊው» ልላት ነው? አልኳት ጻፊው።

ግን ስንት ብላ ትጻፍ? ወንድሜን ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ልትሸጠው ነው እንዴ?» ድምፁ ተቀየረ፤ የሚኖርበት ቤት ነው። አይደለም፣ ዋጋውን ብቻ አልኩት። አንድ ደላላ ጠየቀ፤ 5 ሚሊዮን ብር አለው። ንግድ ባንክ ያለብኝ ዕዳ 400 ሺህ ቀርቶ ነበር። የሚጻፈው ዕዳው ተቀንሶ ስለሆነ 4.6 ሚሊዮን ብር። ምንዛሪው ደግሞ የሚወሰደው ፎርሙን በምትሞሉበት ቀን ያለው ነው። ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ ገበያው እንዲወስነው ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። እኛ ስንሞላ 125 ገደማ ደርሷል። ቤቱ በአዲሱ ምንዛሪ ወደ 37 ሺህ ዶላር ሆነ። በድሮው ቢሆን ከ80 ሺህ በላይ ነበር። አገር ቤት ላለ ሰው ያ የምንዛሪ ለውጥ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ፤ እናቴ በየሳምንቱ ትነግረኛለች። እዚህ ፎርም ላይ ግን ጠቀመኝ። ይገርማል።

አሁን ቁጥሩን ካየሁት በኋላ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። የወላጅ ንብረት ገቢን ያህል አይጎዳም። የእኛን ዓይነት ገቢ ላለው ቤተሰብ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ገቢው ከፍ ላለም ቢበዛ ከመቶ 5.64 ነው። ዕቁቡ 500 ዶላር ገደማ፣ ኮንዶሚኒየሙ 1,000 ዶላር ገደማ ነው ያስከፈሉን። በልጁ ስም ያለ ገንዘብ ግን ከመቶ 20 ይቆጠራል። ስለዚህ «ለኮሌጅሽ» ብላችሁ ብሩን ወደ ልጃችሁ አካውንት የምታዛውሩ፣ ተዉ።

ፎርሙ የቤተሰቡን አቅም ለመለካት የሚያሰላው ኢንዴክስ ለእኛ 3,110 ሆኖ ወጣ። ይህ ቁጥር ድሮ ኢኤፍሲ ይባል የነበረው ነው፤ አሁን ኤስኤአይ ይሉታል። የፔል ግራንት ሙሉው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ ኢንዴክሱ ሲቀነስ የደረሳት 4,285። ሁለት ልጅ ኮሌጅ አለን፣ ይቀነስልናል ብዬ ነበር። ድሮ ይካፈል ነበር። ከ2024–25 ጀምሮ ቀርቷል።

ለእናቴ በወር 400 ዶላር እልካለሁ። እሷንም በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ እናስገባ ብዬ ነበር። አይሆንም፤ አብራን የምትኖር መሆን አለባት። የምልከውም ከገቢ አይቀነስም። በመላ አሜሪካ ስንት ሐበሻ ደመወዙን ለሁለት ከፍሎ እንደሚኖር ፎርሙ ላይ አንድም ሳጥን የለም።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ የእህት ልጅ ልናገር፤ የእሷ ጉዳይ ከእኛም የጠመመ ነበርና። ዲቪ ደርሷት በ20 ዓመቷ መጣች። እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልትገባ ስትል እኔ «እኔ አሳዳጊሽ ነኝ» ብዬ የራሴን ገቢ ላስገባ ተነሳሁ። ስህተት ነው። አጎትና አክስት፣ አያት፣ ትልቅ ወንድም ወላጅ አይደሉም። ሕጋዊ ጉዲፈቻ ከሌለ በስተቀር አብራችሁ ብትኖር፣ ብታበሏት፣ ብታለብሷት የእናንተ ገቢ አይገባም። ልጅቷ ከ24 ዓመት በታች ከሆነች፣ ካላገባች፣ ልጅ ከሌላት፣ ፎርሙ የሚፈልገው የወለዷትን ነው፤ ደብረ ብርሃንም ቢሆኑ።

አባቷ መምህር ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የለውም፤ ያለ እሱም አካውንት መክፈት ይቻላል። ኢሜይል ነበረው፤ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያውቀው የጎረቤት ልጅ ነው። ሦስት ሌሊት በስልክ ነው የጨረስነው። የሚፈለገው የጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2023 ገቢ ነው። ትምህርት ቤቱ የጻፈለት ደብዳቤ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የበጀት ዓመት። መልሶ አጻፈው፦ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.። ጸሐፊዋ «ይሄ ምን ዓይነት ቀን ነው?» ብላ ሳቀች አሉ። በወር 8 ሺህ ብር፣ በዓመት 96 ሺህ፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር 768። አዎ፣ በዓመት። ኮሌጁ «ቤተሰቡ በዚህ እንዴት ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። እኛም አንድ ገጽ ጻፍን፤ ቤቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ እህል ከገጠር እንደሚመጣላቸው፣ ከእኛ ስንት እንደሚላክላቸው። ተቀበሉት። ሙሉ ፔል አገኘች።

ያ ደብዳቤ ነው ዓይኔን የከፈተው። ፎርሙ ላይ የማይገባውን ነገር መናገሪያ ቦታ እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ።

በሜይ 2024 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ቆሜ አንዱ ከኋላ መታኝ። ወገቤ ተጎዳ፤ አራት ወር አልነዳሁም። ፎርሙ ግን የሚያየው 2023ን ነው፤ ደህና የሠራሁበትን ዓመት። የ2024 ትርፌ 14,800 ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ «ሁኔታችን ተቀይሯል» ብሎ ማመልከት ይቻላል። ቢሮው ማስረጃ አይቶ ገቢውን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ አለው። ለሁሉም አመልካች በደፈናው «አናይም» የሚል ደንብ ማውጣት ደግሞ አይፈቀድለትም። ፎርሙን እናንተ አትቀይሩትም፤ የ2023 ቁጥር እውነት ስለሆነ እንዳለ ይቀመጣል። የሚቀይሩት እነሱ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ ታክሳችንን አስገባን፤ ሌላ ጊዜ ኤፕሪል ነው። ልጄ ለገባችበት ኮሌጅ ደብዳቤውን ጻፍን። የመጀመሪያው ረቂቄ ሦስት ገጽ ነበር፤ ከደሴ ነው የጀመርኩት። ልጄ ሰረዘችው። አንድ ገጽ አደረገችው፦ አደጋው በየትኛው ቀን ደረሰ፣ ስንት ወር አልሠራም፣ ገቢው ከስንት ወደ ስንት ወረደ። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ መተግበሪያዎቹ በየሳምንቱ የሚልኩት የክፍያ ዝርዝር፣ የ2024 ታክስ ተያያዘ። የዕቁቡንም ጨመርኩ። የዕቁባችን ዳኛ በእንግሊዝኛ የአባላቱን ብዛትና የቀረብኝን ወር ጽፈው ፈረሙልኝ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ «ደብተሩንም ላምጣላቸው ወይ?» አሉኝ።

ቢሮው አንድ ጊዜ «ወረቀታችሁ ጠፋብን» አለ። እንደገና ላክን። የላካችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ፤ ቀኑንና ያናገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ሰባት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ደወለች። ስለ ዕቁብ አሥር ደቂቃ ጠየቀችኝ፤ «ወለድ የለውም? ውልም የለውም? ታዲያ አንዱ ተቀብሎ ቢጠፋስ?» አለችኝ። «ዳኛው አሉ፣ ዋስም አለ» አልኳት። ሳቀች። ዕቁቡን ዕዳ አድርጋ አልተቀበለችውም። የገቢውን መቀነስ ግን ተቀበለች። በ2024 ገቢያችን 56 ሺህ ገደማ ስለሆነ፣ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ሙሉውን ፔል ያስገኛል። 4,285 የነበረው 7,395 ሆነ። ኮሌጁም ከራሱ ትንሽ ጨመረ።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የስቴቱ ገንዘብ እንዳያመልጣችሁ ፋፍሳውን ከማርች 1 በፊት ላኩ። ደብዳቤው በኋላ ይደርሳል፤ ቀኑ ግን አይጠብቅም።

ለ2026–27 ፎርሙን ኦክቶበር ላይ ሞላን። የ2024 ታክስ ነው የተወሰደው። ልጄ «አባዬ፣ ገቢህ ስንት ነው?» አላለችም፤ ስኬጁል ሲው የት እንዳለ ታውቃለች። ገቢያችን ሙሉ ፔል ወደሚያስገኘው ደረጃ ስለወረደ የንብረቱ ጥያቄም አልመጣልንም። ለወንድሜ ልነግረው ደወልኩ፤ ዘንድሮ የቤቱ ዋጋ አያስፈልግም አልኩት።

«ለእኔ አይደለም፣ ለደላላው ንገርልኝ» አለኝ። «አሁንም ገዢ አግኝቻለሁ እያለ በየሳምንቱ ይደውላል።»